የሕዋስ ምርመራ ውጤትና የቀጠሮው ቀን

በሶዶም ሆነ በቦዲቲ፥ በአረካም ሆነ በገሱባ፥ ከሐኪም ቤት ወረቀት ተቀብሎ የወጣ ሰው የተጻፈው ነገር ያልገባው እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ መምህር ቤት ነው። «መምህር፥ እባክዎ ይህችን ያንብቡልኝ» ይላል። መምህሩም ተቀብሎ ያነባል፤ ነገር ግን ፊደሉን ማንበብና ነገሩን መረዳት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ወረቀቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሐኪሙ የነገረው በአማርኛ ነው፤ ባለጉዳዩ ደግሞ የሚያስበውና የሚጨነቀው በወላይትኛ ነው። በእነዚህ በሦስቱ ቋንቋዎች መካከል «ፖዘቲቭ» ወይም «ጤናማ ያልሆነ ሕዋስ ተገኝቷል» የሚል ቃል ሲመጣ፥ አንባቢውም ሰሚውም እኩል ይደነግጣሉ። በዚህ ወር ስለዚህች ወረቀት ልንጽፍ የወደድነው፥ በእኛ አስተያየት ብዙ ሰው የሚጎዳው በበሽታው ብቻ ሳይሆን ውጤቱ በግማሽ ተነግሮት ወደ ቤቱ ስለሚመለስ ነው።

ነገሩ የሚነካው የሰውነት ክፍል በጨዋ አነጋገር ስሙ የማይጠራ መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን። ስለ ማኅፀን በር በአደባባይ መናገር ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እየተለመደ መጥቷል። ስለ ፊንጢጣ ግን ሰው «መቀመጫዬን አመመኝ» ብሎ ከማለፍ በቀር ለሐኪም እንኳ አይገልጥም። የጤና ጽሑፍ እንዲህ ባለው ስፍራ ላይ ካፈረ ከቶ ማን ሊናገር ነው? ስለዚህ ስሙን እየጠራን እንሄዳለን፤ አንባቢዎቻችንም እንዲታገሡን እንለምናለን።

የሕዋስ ምርመራ ማለት በሽታ ሳይሆን ገና ለበሽታ የሚያዘጋጅ ለውጥ በሰውነት ሽፋን ላይ መኖሩንና አለመኖሩን መመልከት ነው። በአገራችን በስፋት የሚታወቀው የማኅፀን በር ምርመራ ሲሆን፥ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መሠረት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት ለሆኑ ሴቶች እንዲሰጥ ተወስኖ በየጤና ጣቢያውና በየሆስፒታሉ ሲሠራበት ቆይቷል። አሠራሩ ቀላል ነው። ነርሷ ወይም አዋላጅዋ ከ3 እስከ 5 በመቶ የተበጠበጠ አሲቲክ አሲድ፥ ይኸውም በየወጥ ቤታችን ያለው የአቸቶ አሲድ፥ በጥጥ ትቀባና አንድ ደቂቃ ያህል ቆይታ ትመለከታለች። የተለወጠው ሽፋን ነጭ ሆኖ ይታያል። ለውጡ ትንሽ ከሆነና ካንሰር የሚያስጠረጥር ምልክት ከሌለው በዚያኑ ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት መሣሪያ ይወገዳል። አንድ ሳንቲም የማያወጣ ከሚመስል ፈሳሽ ይህን ያህል ጥቅም መገኘቱ እኛን ዘወትር ያስደንቀናል።

የፊንጢጣ ሕዋስ ምርመራ የዚህ ታናሽ ወንድም ነው። ሐኪሙ በውኃ የራሰ ቀጭን መጥረጊያ ወደ ውስጥ አስገብቶ እያዞረ ያወጣዋል፤ የተሰበሰበውም ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ጊዜው ከአንድ ሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ ጥቂት ያስጨንቃል እንጂ የሚያቆስል ነገር አይደለም። ከምርመራው በፊት ባለው አንድ ቀን ውስጥ በፊንጢጣ በኩል መድኃኒትም ሆነ የማጠቢያ ውኃ እንዳይገባ ይመከራል። ይህ ምርመራ ለሰው ሁሉ የሚታዘዝ አይደለም። ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጡት መመሪያ በተለይ የሚያስበው ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ውስጥ ስላለ ዕድሜያቸው ገፋ ስላለ ሰዎች፥ የሌላ ሰው ኩላሊት ወይም ሌላ የአካል ክፍል ተተክሎላቸው ብዙ ዓመት ስለቆዩ ሕሙማን፥ እንዲሁም በውጫዊው የሴት ብልት ላይ ካንሰር ወይም የካንሰር መነሻ ስለተገኘባቸው ሴቶች ነው።

የሁለቱም ለውጦች ምንጭ በአብዛኛው አንድ ነው። ስሙ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፥ ባጭሩ ኤች.ፒ.ቪ. ይባላል። ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ሱር ሀውዘን ከጓደኞቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 ከማኅፀን በር ካንሰር ውስጥ 16ኛውንና 18ኛውን ዓይነት ለይቶ በማውጣቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። እነዚህ ሁለት ዓይነቶች ከማኅፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን ያደርሳሉ፤ በፊንጢጣም ካንሰር ከአሥሩ ዘጠኙ የሚመጣው ከዚሁ ቫይረስ ሲሆን ዋናው ጥፋተኛ 16ኛው ነው። ቫይረሱ እጅግ የተለመደ በመሆኑ ከጋብቻና ከግንኙነት ዓለም የገባ ሰው አብዛኛው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል። ጤነኛ ሰውነትም ባንድና በሁለት ዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያስወግደዋል። ችግሩ ሳይወገድ ለረዥም ዓመታት በሚቀርበት ሰው ላይ ነው፤ ኤች.አይ.ቪ. የሰውነትን መከላከያ ባደከመበት ጊዜ ደግሞ ይህ ይበዛል።

እዚህ ላይ በትዳር መካከል ጠብ ስለሚያስነሣው ነገር ጥቂት መናገር ይገባናል። ቫይረሱ ለብዙ ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሊቀመጥ ስለሚችል፥ ዛሬ የተገኘ ለውጥ ዛሬ ወይም ዘንድሮ የተደረገ ነገር ማስረጃ አይደለም። በፊንጢጣ አካባቢ የተገኘም እንደ ሆነ ያ ሰው በዚያ በኩል ግንኙነት አድርጓል ማለት አይደለም፤ በማኅፀን በር ላይ ቫይረሱ ያለባት ሴት ምንም ሳታደርግ በፊንጢጣዋም ሊገኝባት ይችላል። የላቦራቶሪ ወረቀት የሕዋስን ጠባይ እንጂ የሰውን ጠባይ አይመሰክርም። ይህን ሳያውቁ ወረቀቱን በሽማግሌ ፊት እንደ ክስ ያቀረቡ ባለትዳሮች መኖራቸውን ስንሰማ እናዝናለን።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። በእኛ አገር «ፖዘቲቭ» የሚለው የባዕድ ቃል በሰው ጆሮ ውስጥ የገባው ከኤች.አይ.ቪ. ጋር ተያይዞ ነው። አንዲት እናት የማኅፀን በርዋን ተመርምራ «ፖዘቲቭ ነሽ» ከተባለች በኋላ ያለውን ንግግር አትሰማም። ነርሷ ስለ ሕክምናው ስታስረዳ እርሷ ስለ ልጆችዋ፥ ስለ ባልዋና ስለ ጎረቤት ታስባለች። በቀጠሮዋ ቀን ያልመጣች እንደ ሆነ ካርዷ ላይ «ጠፍታለች» ተብሎ ይጻፋል። እኛ ግን እንዲህ ያለችው ሴት የጠፋችው በመንገድ ላይ ሳይሆን ያን ቃል በሰማችበት ክፍል ውስጥ ነው እንላለን። በሥራው ላይ ያላችሁ ባልደረቦቻችን አትቀየሙን፤ ይህ ጥፋት በእኛም ላይ ያለ ነው። «ከጊዜ በኋላ ወደ ካንሰር ሊያመራ የሚችል ለውጥ ተገኝቶብሻል፤ ካንሰር አይደለም፤ ኤች.አይ.ቪ.ም አይደለም፤ ዛሬ ልናክምሽ እንችላለን» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። በወላይትኛ ቢነገር ደግሞ ከዚህም ይልቅ ይገባል።

የፊንጢጣ ሕዋስ ምርመራ ውጤት አንድ ቃል ብቻ አይደለም፤ ደረጃ ደረጃ አለው። አንዳንዱ ወረቀት በቂ ሕዋስ አልተገኘም ይላል፤ ይህ ይደገም ማለት ብቻ ነው። ሌላው ለውጥ አለ፥ ምንነቱ ግን አልተለየም ይላል። ሦስተኛው ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ለውጥ የሚለው ሲሆን፥ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ መኖሩን ያመለክታል፤ ብዙው በክትትል ብቻ ይታለፋል። አራተኛው ከፍተኛ ደረጃ ያለው ለውጥ ነው፤ የካንሰር መነሻ ሊሆን የሚችለው ይህ ነው። ከምንም በላይ መታወቅ ያለበት ግን መጥረጊያው ለይቶ የማይፈርድ መሆኑ ነው። በሕዋሱ ወረቀት ላይ ዝቅተኛ የተባለ ለውጥ በውስጥ ሲታይ ከፍተኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ተቃራኒውም ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ ምርመራ በኋላ ሐኪሙ ፊንጢጣውን በአቸቶ አሲድ ቀብቶ በሚያጎላ መነጽር ይመለከተዋል፤ ያጠራጠረውንም ቦታ ቆንጥሮ ለፓቶሎጂ ባለሙያ ይልካል። ውሳኔው ከዚያ ይመጣል። መጀመሪያ የመጣችው ወረቀት የጥሪ ደብዳቤ ናት እንጂ የፍርድ ወረቀት አይደለችም።

ከፍተኛ ደረጃ የተባለውስ ምን ያህል ያሠጋል? ለዚህ መልስ የሚሰጥ ታላቅ ጥናት በአሜሪካ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። በጥናቱ የገቡት ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለ፥ ዕድሜያቸው 35 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፥ ከፍተኛ ደረጃ ያለው የፊንጢጣ ለውጥ የተገኘባቸው 4446 ሰዎች ነበሩ። እኩሌቶቹ ለውጡ እንዲወገድላቸው ታከሙ፤ እኩሌቶቹ ሳይታከሙ በቅርብ ክትትል ቆዩ። በታከሙት ወገን 9 ሰዎች፥ ባልታከሙት ወገን 21 ሰዎች ካንሰር ያዛቸው፤ ይህም ሕክምናው አደጋውን በ57 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። ካልታከሙትም ውስጥ ቢሆን በዓመት ካንሰር የያዛቸው ከ1000 ሰው 4 ያህል ነበሩ። እነዚህን ቁጥሮች ሁለት ጊዜ ማንበብ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ንባብ የፈራውን ሰው ያጽናናል፤ ወረቀቱን የያዘ ሰው ሁሉ ሞት አልተፈረደበትምና። ሁለተኛው ንባብ ደግሞ ቸል ያለውን ሰው ይቀሰቅሳል፤ መታከም ከግማሽ በላይ የሆነውን አደጋ አስወግዷልና። ለውጡ ከታከመ በኋላም ተመልሶ የመምጣት ልማድ ስላለው የታከመ ሰው ለዓመታት መታየት ይኖርበታል።

አሁን አስተያየታችንን ሳንሸሽግ እንናገር። ይህ የማጉያ ምርመራና በእርሱ የሠለጠነ ሐኪም እንደ ማኅፀን በር ምርመራ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ነገር አይደለም። ሁለተኛው ደረጃ በሌለበት ስፍራ የመጀመሪያውን መጥረጊያ ማደል ሰውን አስጨንቆ ሜዳ ላይ መተው ነው። ቅድም የጠቀስነው ዓለም አቀፍ መመሪያም ይህንኑ ይላል፤ መነጽሩ በሌለበት ቦታ የሕዋሱ ምርመራ እንዳይጀመር፥ በምትኩ ሐኪም በጓንት በተሸፈነ ጣቱ ፊንጢጣውን በየጊዜው እንዲመረምር ይመክራል። ይህ ምርመራ ከጓንት፥ ከቅባትና ከተማረ እጅ በቀር ምንም አይፈልግም፤ በዩኒቨርሲቲው ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሆነ በሌሎቹ የዞናችን ሆስፒታሎች ሊደረግ የሚችል ነው። የፀረ-ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ለመውሰድ በየጊዜው የሚመላለስ ሰው ሐኪሙን «ይህንንም ይዩልኝ» ቢል ነውር አይደለም፤ ሐኪሙም ሳይጠየቅ ቢያነሣው እኛ እንመርጣለን። ትንሽ ሳለ በጣት የተገኘ እባጭ ካደገ በኋላ ከሚገኘው እጅግ ይሻላል።

ከእንግዲህ ወደ አንድ ሌላ ቃል እናልፋለን፤ እርሱም «ኪንታሮት» ነው። ይህ ስም በቋንቋችን ውስጥ ሁለት ዝምድና የሌላቸውን ነገሮች ይሸከማል። አንደኛው በእጅ፥ በእግር ወይም በኀፍረተ ሥጋ አካባቢ በቆዳ ላይ የሚበቅለው ነው፤ ይህ የሚመጣው ከኤች.ፒ.ቪ. ሲሆን፥ በኀፍረተ ሥጋና በፊንጢጣ የሚያበቅሉት 6ኛውና 11ኛው ዓይነት ወደ ካንሰር የሚያመሩት በብርቅ ነው። ሁለተኛው በፊንጢጣ ያሉት የደም ሥሮች አብጠው የሚያደሙትና የሚያሳምሙት ነው፤ ይህኛው ከቫይረስ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ከሆድ ድርቀትና ከማማጥ ጋር ነው። ሦስተኛ ግን በዚሁ ስም ጥላ ተሸሽጎ የሚያድግ አለ፤ እርሱም ካንሰሩ ነው። ደም ይፈሳል፥ ያሳክካል፥ እባጭ ይዳሰሳል፤ ባለቤቱም «የቆየ ኪንታሮቴ ነው» ይላል። ዘመዱ ይህንኑ ያጸናለታል። በገበያ ያለው መድኃኒት አዋቂም ሳያይ ይህንኑ ይደግማል፤ የሚያቃጥል ቅጠል ወይም ዱቄት ይሰጠዋል። ቆዳው ሲቆስል «እየወጣ ነው» ይባላል። የአባቶቻችንን መድኃኒት ሁሉ መናቅ ልማዳችን አይደለም፤ ነገር ግን ውስጡን ሳያይ የሚያክም ሰው፥ ዲግሪ ቢኖረውም ባይኖረውም፥ በግምት ይሠራል። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ደም፥ የማይድን ቁስል፥ የሚያድግ እባጭ ወይም በብሽሽት የወጣ እብጠት ያለበት ሰው ኪንታሮት ይሁን ሌላ የሚለይለት ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። አብዛኛውን ጊዜ በእርግጥም የደም ሥር ሆኖ ይገኛል፤ ያን ጊዜ የጠፋው አንድ ቀን ብቻ ነው።

ስለ ንጽሕና በየወሩ የምንጽፍ ሰዎች እንደ መሆናችን አንድ ነገር ልናምን ይገባናል። ይህ ቫይረስ በሳሙና አይለቅም። በጨው ውኃ፥ በሎሚ ወይም በነጭ ሽንኩርት ውስጡን ማጠብ ሽፋኑን ከማቁሰል በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። መታጠብ ለብዙ በሽታ መልካም ነው ስንል ኖረናል፤ ወደፊትም እንላለን፤ ለዚህ ግን መልሱ ምርመራና ክትትል ነው።

ክትትሉን የሚያደናቅፈው ምን እንደ ሆነ አንባቢዎቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። ከገጠር ቀበሌ ወደ ሶዶ መውረድ የሥራ ቀንና የትራንስፖርት ገንዘብ ያስወጣል። ባል ሳይጠየቅ አይኬድም። የጤና መድን አባል የሆነች እናት ደግሞ ከጤና ጣቢያው የመላኪያ ወረቀት ካልያዘች ወጪው በራስዋ ላይ ይወድቃል። በማኅፀን በር ላይ ያለው ለውጥ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት የታከመላት ሴት ለሳምንታት ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ሊታያት ይችላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ እስኪደርቅ ድረስ አንድ ወር ያህል ከግንኙነት መቆጠብ ይኖርባታል። ይህ ለባልዋ ካልተነገረው በቤት ውስጥ ሌላ ችግር ይፈጠራል፤ ስለዚህ ባልየው ፈቃድ ሰጪ ብቻ ሳይሆን ሰሚ ሆኖ ቢመጣ እንወዳለን። ትኩሳት፥ ጽኑ የሆድ ሕመም፥ የሚሸት ፈሳሽ ወይም ብዙ ደም ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መመለስ ነው። ሁሉም ደኅና ቢሆንም ከአንድ ዓመት በኋላ እንደገና መመርመር አለባት። አንድ ዓመት ደግሞ ረዥም ነው፤ ይረሳል። በካርድ ላይ ከተጻፈ ቁጥር ይልቅ «ከጊፋታ እሑድ በኋላ ባለው ሁለተኛ ሰኞ» የተባለች እናት ቀኑን ትይዛለች የሚል እምነት አለን፤ ቀጠሮ የሚጽፉ ባልደረቦቻችን ቢሞክሩት አይጎዱም።

ባለመመለስ የሚመጣውን ዕዳ ለማሳየት የሩቅ ምሳሌ አያስፈልገንም። እ.ኤ.አ. በ1974 ኖርማን ናይግሮ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የፊንጢጣን ካንሰር በመድኃኒትና በጨረር ባንድነት ማከም እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ፥ ብዙ ሕሙማን ፊንጢጣቸው ተቆርጦ ሳይወጣ ይድናሉ። ነገር ግን በአገራችን የጨረር ሕክምና ለረዥም ዓመታት የሚገኘው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከሶዶ አዲስ አበባ ደግሞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በሌሎች ጥቂት ከተሞች ቢጨመርም፥ ለሳምንታት ከቤት ርቆ ተራ መጠበቅን የሚያህል ወጪ ለገበሬ ቤት የለም። በአቸቶ የሚታየውን ለውጥ በሶዶ ማስወገድና ካንሰሩን በጨረር ለማከም ዘመድ አዝማድ ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ መጀመር ምን ያህል እንደሚራራቁ ማንም ያስተውለዋል።

መምህራን ሌላም ሥራ አለባችሁ። የኤች.ፒ.ቪ. ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ መርፌ በዘመቻ ተሰጠ። ክትባቱ የሚከላከለው የማኅፀን በርን ብቻ ሳይሆን የፊንጢጣንም ለውጥ ነው። መካን ያደርጋል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው፤ ወሬው ግን የሚሰማው ከትምህርት ቤት አጥር ውጭ ስለሆነ፥ መልሱም ከአጥሩ ወጥቶ ለወላጆች ቢነገር ይበጃል።

ወረቀቷን ይዞ ወደ ደጃችሁ ለሚመጣው ሰው ግን ምን ታደርጉለታላችሁ? በሰው ፊት አታንብቡለት፤ ያነበባችሁትንም ለሌላ አትንገሩ። ምን ዓይነት ምርመራ እንደ ሆነ፥ ውጤቱ ለውጥ ይበል ካንሰር ይበል፥ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ የተጻፈ መሆኑን ፈልጉ። ከሁሉ በታች ቀጠሮ የሚጻፍባት መስመር አለች። ባዶ ከሆነች ወረቀቱን አጥፋችሁ መልሱለትና፥ «ነገ ጧት ሂድና መቼ ልመለስ ብለህ ጠይቃቸው፤ ቀኑንም እዚህ ላይ አስጽፈህ ና» በሉት።